ከባድ የጉልበት ሥራ እየሠሩ ክብደት እንዳይቀንስ ምን ያህልና መቼ መብላት ያስፈልጋል?

ፌሮ አሳሪ

ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በሕንፃ ግንባታ ላይ የፌሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 27፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ76 ነው። ሥራችን ብረቱን ከመኪና ማውረድ፣ መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ ወደ ላይኛው ወለል ተሸክሞ ማውጣትና ጎንበስ ብሎ ማሰር ሲሆን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ሙሌት ባለበት ቀን ደግሞ እስከ ምሽት ይዘልቃል። ሥራውን ስጀምር 66 ኪሎ ነበርኩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ አሁን 59 ኪሎ ሆኛለሁ።

ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ከሥራ ቦታው አጠገብ ሽሮ በእንጀራ፣ ማታ ደግሞ ቤት ያለውን፣ ብዙ ጊዜ ሽሮ ወይም ምስር እበላለሁ። ተርቤ የማድርበት ቀን የለም፤ ግራ የገባኝም እየጠገብኩ መክሳቴ ነው። ዐቢይ ጾም እየቀረበ በመሆኑ ሐሳቡ በርትቶብኛል፤ አምና ክብደቴ በጣም የወረደው በዚያው ወቅት ነበርና። ጾሜን መተው አልፈልግም፤ ሥራዬንም መተው አልችልም። ገቢዬ ከጾም ውጭም ቢሆን ሥጋና ወተት በየቀኑ የሚያስገዛ አይደለም። በዚህ አቅም ምን ማድረግ እንደምችል የምታውቁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ጤና መኮንን (አዳማ)

ወንድሜ፣ ስለ ምግብ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር መቅደም አለበት። አንድ ሰው ለመቀነስ ሳያስብ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ ከአምስት በመቶ በላይ ካጣ፣ ምክንያቱ በሕክምና መታየት ይኖርበታል። የአንተ ከአሥር በመቶ በላይ ነው። ሥራው ከባድ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ከባድ ሥራ ሌላ ሕመምን ሊሸፍን ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ማታ ማታ የሚመላለስ ትኩሳት ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ውሃ ጥም የሚያበዛና ቶሎ ቶሎ የሚያሸና ከሆነ ስኳር፣ ልብ የሚያፈጥንና እጅ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ የእንቅርት ዕጢ መታየት አለበት። የሆድ ጥገኛ ትላትሎችም በሰገራ ምርመራ በቀላሉ ይለያሉ። የኤች አይ ቪና የደም ማነስ ምርመራም አብሮ ቢደረግ መልካም ነው።

ጎልማሳው

በእኔ ሰፈር ብዙ ወጣቶች ከመድኃኒት ቤት የማወፈሪያ ኪኒን እየገዙ በአጭር ጊዜ ፊታቸው ሞልቶ አይቻለሁ። ከምግቡ ይልቅ ይህ አይቀልም?

ጤና መኮንን (አዳማ)

ወንድሜ ጎልማሳው፣ በቅን ልቡና እንደተናገርክ አምናለሁ፤ ነገር ግን ይህን ምክር ማንም እንዳይከተለው አጥብቄ እለምናለሁ። በዚህ ስም የሚሸጡት በአብዛኛው ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። አንደኛው ሳይፕሮሄፕታዲን የተባለ የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት የሚጨምር ቢሆንም እንቅልፍ ያመጣል፤ ፎቅ ላይ ቆሞ ብረት ለሚያስር ሰው ደግሞ ማንቀላፋት ማለት መውደቅ ነው። ሁለተኛው ዴክሳሜታዞን ነው። ፊትን የሚያሳብጠው ውሃና ስብ በዚያ አካባቢ እንዲጠራቀም በማድረግ ሲሆን፣ በውስጥ ግን ጡንቻን ያሟሽሻል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ከበሽታ የመከላከል አቅምንም ያዳክማል። ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ሲያቆመው ሰውነቱ ለሕይወት የሚያሰጋ መዛል ሊገጥመው ይችላል፤ ስለዚህ የጀመረ ካለ በራሱ ከማቆም ይልቅ ሐኪም ማማከር አለበት። ለጉልበት ሠራተኛ ሀብቱ ጡንቻው ነው፤ ፊትን ሞልቶ ጡንቻን የሚበላ ነገር እንዴት መፍትሔ ይሆናል?

ፌሮ አሳሪ

አመሰግናለሁ። ሳል የለብኝም፤ ቢሆንም በተባለው መሠረት በአካባቢዬ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመርምሬያለሁ። የደም፣ የሰገራና የስኳር ምርመራ ተደርጎልኝ ሁሉም ደህና ነው ተብያለሁ፤ የደም ማነስም የለብኝም። የመረመረችኝ ባለሙያም ያነሰው ምግቡ ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። እንግዲህ ጥያቄዬ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፦ እየጠገብኩ እንዴት ያንሰኛል?

የሥነ ምግብ መምህርት

ምርመራውን አስቀድመህ ማድረግህ በጣም አስደስቶኛል፤ አሁን ስለ ምግቡ በልበ ሙሉነት መነጋገር እንችላለን። ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ በስሌት ልመልስልህ።

በዕድሜህና በቀድሞው 66 ኪሎ ክብደትህ ያለ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ቢውል እንኳ ለልቡ ምት፣ ለትንፋሹና ለሰውነቱ ሙቀት ብቻ በቀን 1,700 ኪሎ ካሎሪ (የምግብ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ያወጣል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ በሚጠቀሙበት አሠራር፣ ይህ ቁጥር እንደ ሥራው ክብደት ይባዛል፦ ቢሮ ለሚውል ሰው በ1.4 እና በ1.7 መካከል፣ እንደ አንተ ያለ ከባድ የጉልበት ሥራ ለሚሠራ ደግሞ ከ2 እስከ 2.4። በዝቅተኛው በ2 ብናባዛው እንኳ 3,400 ገደማ ይሆናል። ቢሮ የሚሠራ እኩያህ ግን በ2,600 ገደማ ክብደቱን ጠብቆ ይኖራል። በመካከላችሁ ያለው ልዩነት አንድ ሙሉ ምሳ ያህላል፤ የምትበሉት ግን ምናልባት አንድ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ ያለውን ልብ እንድትለው እፈልጋለሁ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በአንድ ዓመት ያጣኸውን 7 ኪሎ በዚህ ስናባዛው 54,000 ገደማ ይመጣል፤ ለ365 ቀን ስናካፍለው ደግሞ በአማካይ በቀን 150 ብቻ ነው። ሰውነት እየከሳ ሲሄድ የሚያወጣው ጉልበት ስለሚቀንስ፣ መጀመሪያ ላይ ጉድለቱ ከዚህ በጣም ይበልጥ ነበር፤ በጾሙ ወቅትም እንደዚያው። የስሌቱ ትርጉም ግን አይለወጥም፦ በየቀኑ የጎደለህ ነገር ሆድህ የሚሰማው ዓይነት አልነበረም። ረሃብ ትልቅ ጉድለትን ይናገራል፤ በቀን 150 እና 200 የሚጎድልን ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል። ሰው እየጠገበ የሚከሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ጉዳይ የምግቡ እምቅነት ነው። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ሽሮ ወጥም እንዲሁ አብዛኛው ውሃ ነው። ሁለቱም እጅግ ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ እህሉና ጥራጥሬው አንዱ የጎደለውን ፕሮቲን ሌላው ስለሚያሟላ በፕሮቲን በኩል ብዙ አያሳስበኝም። ነገር ግን ሆድን የሚሞሉት ጉልበት ሞልተው ከመስጠታቸው በፊት ነው። ስለዚህ እንጀራ መጨመር ሳይሆን፣ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ጉልበቱ ብዙ የሆነ ነገር ማከል ይሻልሃል። 100 ግራም ለውዝ (ኦቾሎኒ) 570 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። ሰሊጥም ተልባም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የገብስ ቆሎና በሶ 350 ገደማ ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ነው። ሁሉም የጾም ናቸው፤ ሁሉም በኪስ ወይም በትንሽ ዕቃ ይያዛሉ።

የቀድሞ ነጋዴና ዘማች በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዞ ይወጣ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ውሃ ስለሌላቸው ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ጉልበታቸውም የታመቀ ነው። ዛሬ ያ ስንቅ ከሥራ ቦታችን ጠፍቶ ሻይ በዳቦ መተካቱ ያሳዝነኛል።

በ59 ኪሎ ላይ ለመቆየት በቀን 3,200 ገደማ ያስፈልግሃል፤ የጠፋውን ለመመለስ ደግሞ አሁን ከምትበላው ላይ 500 ያህል ብትጨምር በሳምንት እስከ ግማሽ ኪሎ ሊመጣ ይችላል። 50 ግራም ለውዝ፣ አንድ ኩባያ በሶ በስኳርና አንድ ማንኪያ ዘይት ሲደመሩ ከዚህ ያልፋሉ። ሻዩንም ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል አርቀህ ጠጣው፤ ሻይና ቡና በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳሉ፤ ሎሚና ቲማቲም ግን ይረዱታል።

ምግብ አቅራቢዋ

ልጄ፣ እኔ ለግንባታ ሠራተኞች ምሳ እያቀረብኩ የምኖር ሴት ነኝ፤ አንተ ያለህበት ቦታ ባልሆንም ችግሩን ከምጣዱ በኩል አውቀዋለሁ። መምህርቷ ያሉትን ሳነብ አንድ ነገር መናገር አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ዘይት ከተወደደ ወዲህ ሁላችንም ወጡ ላይ ዘይት ቀንሰናል። ዋጋውን ብንጨምር ሠራተኛው አይችልም፤ ሳህኑን ብናሳንስ ቅር ይለዋል፤ ስለዚህ የሚቀነሰው ከማይታየው ነው። ሽሮው መልኩም ጣዕሙም ያው ይመስላል፤ የሚሰጠው ጉልበት ግን ያው አይደለም። እንጀራውም ጤፉ ሲወደድ በሩዝ ወይም በማሽላ ይደባለቃል።

ስለዚህ ትንሽ ዘይት በጠርሙስ ይዘህ ብትመጣና ከሽሮው ላይ ጨምሪልኝ ብትላት የትኛዋም ሴት አትቆጣህም። እኔ ጋ ሁለት ሦስት ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ። የተፈጨ ለውዝ ሽሮ ላይ መጨመርም ይቻላል፤ ወጡን ያወፍረዋል፣ ይጣፍጣልም። በጾም ጊዜ ደግሞ ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ፍትፍት እንዳትረሳ፤ ቅዝቃዜ ስላላቸው በሙቀት ሰዓት ለመብላት ይቀላሉ። ንፍሮ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተቀቅሎ ውሃ ስለያዘ ቶሎ ያጠግባል፤ ለኪስህ ቆሎ በለውዝ ይሻልሃል።

የሥነ ምግብ መምህርት

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሠራተኛው አንድ ሳህን ተብሎ የሚታሰበው ነገር በዓይን ሳይለወጥ ውስጡ መለወጡን ከእርስዎ የተሻለ ሊያስረዳ የሚችል የለም። ከምሳው ሁለት ማንኪያ ዘይት ብቻ ቢቀነስ 240 ኪሎ ካሎሪ ሄደ ማለት ነው፤ ወንድማችን በዓመት ያጣውን ለማስረዳት ይህ ብቻውን ይበቃል።

ፎርማን ከገርጂ

በዚህ ሙያ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ፤ የማየውንም ልናገር። ጉዳዩ የሠራተኛው ብቻ ተደርጎ መቅረቡ አይበቃም። ሥራው በቀን ክፍያ ሲሆን ሰው ጉልበቱን እየመጠነ ይሠራል። በቁርጥ ሲሰጥ ግን ቶሎ ለመጨረስና ሌላ ለመያዝ ሲል ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ምሳውንም ቆሞ በልቶ ይመለሳል። የቁርጥ ሥራ በበዛበት ወር ልጆቹ ሲከሱ በዓይኔ አያለሁ። ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይዝላል፣ መሰላል ላይ መንሸራተት ይበዛል፣ የታሰረው ፌሮ ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል። በምንሠራበት ቦታ ከአሠሪው ጋር ተነጋግረን በአራት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት ሩብ ሰዓት ዕረፍት ከበሶና ከዳቦ ጋር እንዲኖር አድርገናል። ወጪው ተሰልቶ በተበላሸ ሥራ ከሚባክነው ጋር ሲነጻጸር አሠሪው ራሱ እንዲቀጥል ፈልጓል። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 102 ለሠራተኞች በሥራ ቦታ ወይም በአቅራቢያው የምግብ አገልግሎት እንዲመቻች መክሯል፤ ስለዚህ ጥያቄው አዲስ ወይም የቅንጦት አይደለም።

ወንድሜ፣ አንተም ብቻህን ከምትጠይቅ ከጓደኞችህ ጋር ሆናችሁ ፎርማናችሁን አነጋግሩት። ቢያንስ የዕረፍቱን ሰዓት ማግኘት ይቻላል።

የሥነ ምግብ መምህርት

ፎርማን ስለ ቁርጥ ሥራ ያነሱት ነገር በጥናትም የታየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በጀርመን ተመራማሪዎች የከባድ ሥራ ሠራተኞችን ራሽንና የሥራ ውጤት አብረው ይመዘግቡ ነበር፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1946 ታትሟል። ምግቡ ሲጨመር ሠራተኞቹ በሰዓት የሚያነሱት ጭነት ጨመረ። ከዚያም ምግቡ ባለበት ሆኖ ብዙ ለሠራ ሲጋራ እንደ ጉርሻ ሲሰጥ ሥራው ይበልጥ ጨመረ፤ የሠራተኞቹ ክብደት ግን ወረደ። ጉርሻ ሰውን ከሰውነቱ እያወጣ እንዲሠራ ማድረግ ይችላል፤ ያወጣውን የሚመልስለት ግን ምግብ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንድማችን፣ ቁርጥ በያዝክበት ሳምንት ከምታገኘው ተጨማሪ ገንዘብ ጥቂቱን በዚያው ሳምንት ለምግብ መድብ።

ዲያቆን ዘጎንደር

ስለ ጾሙ የተነሳውን በተመለከተ የማውቀውን ላካፍል። በዐቢይ ጾም ምእመናን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆይተው ከጥሉላት ምግብ ርቀው እንደሚመገቡ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን፣ ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶችን በዚህ ሥርዓት አታስጨንቅም፤ አቅም ላነሰውም እንደ ሁኔታው የሰዓቱን ልክ የሚወስንለት የንስሐ አባቱ ነው። አንተ በራስህ ሥልጣን ጾሙን ከምትተው ወይም ደግሞ በራስህ ውሳኔ ሰውነትህን ከምትጎዳ ይልቅ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለንስሐ አባትህ የሥራህን ክብደትና የሐኪሙን ቃል ሳትደብቅ ንገራቸው። ብዙ የጉልበት ሠራተኞች በአባቶቻቸው ፈቃድ ከጥሉላት ተከልክለው በስድስት ሰዓት ይመገባሉ። ሌላው ሠራተኛ እስከ ዘጠኝ ሲቆይ አንተ መብላትህ ሊያሳፍርህ አይገባም።

የበረሃ ሠራተኛ (ዱባይ)

እኔ የምሠራው መርከብ በሚራገፍበት አካባቢ ነው። እዚህ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀትር 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከቤት ውጭ ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቢሆንም በቀሪው ሰዓት ያለው ሙቀት የምግብ ፍላጎትን ፈጽሞ ይዘጋል። ከሙቀት የወጣ ሰው ሳህን ፊቱ ቀርቦለት ማየት እንኳ ያስጠላዋል። በዚህ ሰዓት የሚበላ ሳይሆን የሚጠጣ ምግብ ይቀላል። እኛ በሶውን ቀጠን አድርገን በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጠን በትልቅ ጠርሙስ ይዘን እንውላለን፤ ላብ ጨውን ይዞ ስለሚወጣ ንጹሕ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት ራስ ያዞራል። ቴምርም እንጨምራለን። ትልቁን ምግብ የምንበላው ሰውነታችን ከታጠብንና ከቀዘቀዝን በኋላ ነው። አንተም ምሳ ላይ የማይወርድልህን ማታ ልትክሰው ትችላለህ።

ፌሮ አሳሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከቤት ስለምወጣ በዚያ ሰዓት ምግብ አይወርድልኝም፤ ሻይ በዳቦ የሆነብኝም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ጭማሪው መሥራት አለመሥራቱን በምን ላውቅ እችላለሁ? ሚዛኑ በየቀኑ ይለያያል።

የሥነ ምግብ መምህርት

ቁርስህን ሁለት ቦታ ክፈለው። ከቤት ስትወጣ አንድ ኩባያ በሶ ብቻ ጠጣ፤ ዳቦውን በለውዝ ቅቤ ወይም በዘይት ቀብተህ ይዘህ ሂድና በአራት ሰዓት ዕረፍት ላይ ብላው። ሆድ ገና ሳይነቃ የማይቀበለውን ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ በደስታ ይቀበለዋል። ንስሐ አባትህ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ቆይ ካሉህ ደግሞ ይኸው ቁርስ ወደ ምሳው ይገባል፤ ያን ጊዜ የሚከብደው የቀኑን 3,200 በአጭር ሰዓት ውስጥ ማስገባቱ ስለሆነ፣ በስድስት ሰዓት፣ በአሥር ሰዓትና ማታ ሦስት ጊዜ ተመገብ፤ ከመተኛትህ በፊት ተልባ በማር ወይም በሶ ጨምር። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ሳይሆን ዛሬ ብትጀምር ሰውነትህ ለቅበላ አንድ ሁለት ኪሎ ይዞ ይደርሳል።

ሚዛኑን በተመለከተ፣ በየቀኑ መመዘን የሚያሳይህ በብዛት የውሃውን መውጣትና መግባት ነው፤ ላብህ ብቻ ከአንድ ኪሎ በላይ ሊያለዋውጠው ይችላል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዕረፍት ቀንህ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላና ምንም ከመቅመስህ በፊት፣ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን ላይ ተመዘንና ጻፈው። አራት ሳምንት ሲሞላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አስተያይ። ካልጨመረ ወይ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይ አንድ እፍኝ ለውዝ አክልና ሌላ አራት ሳምንት ጠብቅ። ለቁመትህ ዝቅተኛው ጤናማ ክብደት 57 ኪሎ ገደማ ነው፤ እየበላህ ወደዚያ ከወረድክ ወይም ሳልና ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስ። በየአራት ሳምንቱ የመዘገብከውን እዚህ ብትጽፍልን ጭማሪውን አብረን እናስተካክለዋለን።